አገልጋይና ተገልጋይ፤ ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች በሚሰጥ አገልግሎት ስለ አመራር (የቤይሩትና የዳርቻዋ ልምድ)



ይህ ጽሑፍ ለማኅበራችን የጥናት ክበቦች የውይይት መነሻ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችን ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሕክምና ወይም የማኅበራዊ ኑሮ ሥራ ከሚማረው በስተቀር፣ ስለ አካል ጉዳተኞች አገልግሎት አመራር ማጥናት ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ግን ቅርብ ነው። በአንድ በኩል ከመካከላችን ወደ አገር ቤት ተመልሶ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በማኅበር ውስጥ ኃላፊነት የሚይዝ ሁሉ ይህን ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። በሌላ በኩል በቤይሩትና በዳርቻዋ በብዙ ቤት ውስጥ የታመመውን፣ ያረጀውንና አካሉ የተጎዳውን ሰው አንሥተው የሚያስቀምጡት፣ የሚያጥቡትና የሚመግቡት እጆች የእኛው እኅቶች እጆች ናቸው። ስለሆነም ጉዳዩ በሁለት ወገን ይነካናል።

(በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጥያቄው ምንድን ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለባቸው። ይሁን እንጂ ስለ አካል ጉዳት ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ሥዕል የሕፃን ሥዕል ነው። ለሕፃናት የሚሰጥ አገልግሎት ለጋሽ አያጣም። ልጁ ግን ያድጋል። 18 ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤቱ ያሰናብተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው 40 ወይም 50 ዓመት የማን ኃላፊነት እንደሆነ የሚናገር የለም።

አዋቂ ሰው የሚፈልገው ከሕፃን የተለየ ነው። ሥራ ይፈልጋል፤ ደመወዙን በእጁ መቀበል ይፈልጋል። ማግባት፣ በሩን ከውስጥ መዝጋት፣ በፈለገው ሰዓት መተኛት፣ መምረጥና መመረጥ፣ አልፎ አልፎም መሳሳት ይፈልጋል። የአገልግሎቱ መሪ ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ልብሱን ለመልበስ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል ማለት የትኛውን ልብስ እንደሚለብስ ሌላ ሰው ይወስንለት ማለት አይደለም። ርዳታና ውሳኔ ሁለት ነገሮች ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ የሚታየው ስሕተት ሁሉ ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። በዕድሜ የሚበልጠንን ጤነኛ ሰው «እርስዎ» የምንል ሰዎች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን የ50 ዓመት ሰው «አንተ» ብለን ለመጥራት፣ ይባስ ብሎም እሱን ትተን «ምን ይፈልጋል?» ብለን አጠገቡ የቆመውን ሰው ለመጠየቅ አናመነታም። «ምስኪን» የሚለው ቃል በአማርኛም በዐረብኛም አንድ ነው፤ በቤይሩት መንገድ ላይም እንደ አዲስ አበባ መንገድ ይሰማል። ርኅራኄ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን በርኅራኄ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ተገልጋዩን ሁልጊዜ አመስጋኝ እንጂ ጠያቂ እንዲሆን አይፈቅድለትም።

2. የቤይሩት ልምድ

ሊባኖስ ለጥናታችን የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሽ አገር ሆና ሳለ በዚህ መስክ ውስጥ ሁሉንም ዓይነት አመራር አሳይታለች።

መጀመሪያ የመጣው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ታዋቂ የሆነው አል ከፋአት በ1957 በናዲም ሽዌይሪ የተመሠረተ ሲሆን፣ በሐደስና በዐይን ሳዓዴ በመሳሰሉት የቤይሩት ዳርቻዎች ትምህርት ቤቶችንና የሙያ ማሠልጠኛዎችን አቋቁሟል። በዚያ ዘመን አካል ጉዳተኛ ልጅን ከቤት አውጥቶ ሙያ ማስተማር ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ቀጥሎ የ1975–1990 የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጤነኛ ወጣቶችን አካል ጉዳተኛ አደረገ። እነዚህ ሰዎች ከመጎዳታቸው በፊት ተማሪዎች፣ ሠራተኞች፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ስለ እነሱ እንዲወስን በቀላሉ የሚቀበሉ አልነበሩም። በ1981 የሊባኖስ አካል ጉዳተኞች ኅብረት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ከቀድሞዎቹ የሚለይበት ዋና ነጥብ መሪዎቹ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች መሆናቸው ነው። ለረጅም ዘመን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሲልቫና ላቂስ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሴት ናቸው። በ1987፣ አገሪቱ በታጣቂዎች በተከፋፈለችበት ሰዓት፣ አካል ጉዳተኞች ጦርነቱን በመቃወም ከሰሜን እስከ ደቡብ በኬላዎች መካከል የሰላም ጉዞ አደረጉ። ጤነኛው ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ ጦርነቱ እግሩን የወሰደበት ሰው ወንበሩን እየገፋ የጦርነቱን መስመር ተሻገረ።

በ1985 ደግሞ አርክ አን ሲየል የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ይህ ድርጅት ተሽከርካሪ ወንበር ለሚያስፈልገው ሰው ወንበር በመስጠት ብቻ አልተወሰነም፤ ወንበሩን የሚሠሩትና የሚጠግኑት ራሳቸው አካል ጉዳተኞች የሆኑበትን ወርክሾፕ አቆመ። ቆይቶም ሥራውን ወደ እርሻና የሆስፒታል ቆሻሻን ወደ ማጣራት አስፋፋ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አካል ጉዳተኛው ለኅብረተ ሰቡ የሚያስፈልግ ሥራ ሠሪ ሆኖ ሲታይ፣ ስለ እሱ ያለው አመለካከት ያለ ስብከት ይለወጣል።

የዚህ ሁሉ ግፊት ውጤት በግንቦት 2000 የወጣው ሕግ ቁጥር 220 ነው። ሕጉ የጤና፣ የትምህርት፣ የመጓጓዣና የሥራ መብቶችን ይዘረዝራል። ከ30 እስከ 60 ሠራተኞች ያሉት የግል ድርጅት ቢያንስ አንድ አካል ጉዳተኛ፣ ከ60 በላይ ያሉት ደግሞ ከመቶ ሦስት እጅ እንዲቀጥር ያዛል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከመቶ ሦስት እጅ የሥራ ቦታ እንዲመደብ ይደነግጋል። በ1993 የተቋቋመውንም የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ምክር ቤት እንደገና አደራጅቶ፣ በአካል ጉዳተኞች የተመረጡ እንደራሴዎች እንዲቀመጡበት አድርጓል።

ወረቀቱ መልካም ነው። ሥራ ላይ መዋሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮታው በአብዛኛው አልተሟላም። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያም አገልግሎት ሰጪዎቹ ድርጅቶችና ተገልጋዮቹ አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ጥቅማቸው በማይገጥምበት ጊዜ ማን ይደመጣል? ይህ ጥያቄ በሊባኖስ ብቻ የሚነሣ አይደለም።

3. ሁለት ዓይነት አመራር

ከላይ የተነገረውን ስናጠቃልለው በፊታችን ሁለት ዓይነት አመራር ይቆማል። አንደኛው የደግ ሰው አመራር ነው። አንድ ራእይ ያለው ሰው ይነሣል፣ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ቤት ይሠራል፣ ሌሎች ይከተሉታል። ሁለተኛው የባለ ጉዳዮቹ አመራር ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፣ ጉዳቱ ያለባቸው ሰዎች ተደራጅተው የሚፈልጉትን አገልግሎት ራሳቸው ይነድፋሉ፤ ባለሙያውን ቀጥረው ያሠሩታል እንጂ አይታዘዙለትም።

የመጀመሪያው ዓይነት አመራር ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። አደጋው ግን በግልጽ መታወቅ አለበት። ዣን ቫንዬ በ1964 በፈረንሳይ አገር «ላርሽ» የተባለውን፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ከሌሎች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩበትን ማኅበር መሠረተ። ሐሳቡ በብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ ሰውዬውም በሕይወት ሳለ እንደ ቅዱስ ይቆጠር ነበር። በ2019 ከሞተ በኋላ ግን ድርጅቱ ራሱ ያስጠናው ምርመራ በ2020 ይፋ ሲሆን፣ ቫንዬ በመንፈሳዊ አባትነት ሽፋን በሴቶች ላይ ወሲባዊ በደል ሲፈጽም መኖሩ ታወቀ። በ2023 የወጣው ሰፊ ጥናትም የተበደሉትን ሴቶች ቁጥር ቢያንስ 25 አደረሰው። ከዚህ የምንረዳው ላርሽ ከንቱ ነበረ ማለት አይደለም። እንዲያውም ድርጅቱ የራሱን መሥራች አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ማንም የማይጠይቀው መሪ፣ ደግም ቢሆን፣ ለደካማው ሰው አደገኛ ነው። ስለሆነም ቁጥጥር የሚያስፈልገው በመጥፎ መሪ ላይ ብቻ ሳይሆን በምንወደው መሪ ላይ ጭምር ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት አመራር ምሳሌ የሚሆነን ኤድ ሮበርትስ ነው። በልጅነቱ በፖሊዮ ሽባ ሆኖ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር ሰው ነበር። የካሊፎርኒያ የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ሥራ ሊሠራ የማይችል ነው በማለት የትምህርት ድጋፍ ሊነፍገው ሞክሮ ነበር። ሮበርትስና ጓደኞቹ በ1972 በበርክሌይ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከልን መሠረቱ። በ1975 ደግሞ ያው ሊንቀው የሞከረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ለእነዚህ ሰዎች ራስን ችሎ መኖር ማለት ሁሉን ነገር በራስ እጅ መሥራት ማለት አልነበረም። የሚረዳህን ሰው የምትመርጠው፣ የምታዘውና ደመወዙን የምትከፍለው አንተ መሆንህ ማለት ነበር።

4. ገንዘቡ ማንን ይከተላል?

አመራር ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ጠባይና ስለ ንግግር ችሎታ ይወራል። ነገር ግን ማን እንደሚመራ በእርግጥ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይመልከት።

በሊባኖስ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ከድርጅቶች ጋር ውል ይዋዋልና በተገልጋዩ ቁጥር ልክ ይከፍላቸዋል። ይህም ማለት ገንዘቡ የሚሄደው ለሰውየው ሳይሆን ሰውየው ለገባበት ተቋም ነው። ሰውየው ከተቋሙ ወጥቶ በራሱ ቤት መኖር ቢፈልግ ገንዘቡ አይከተለውም። እንዲህ ባለ አሠራር የተቋሙ አስተዳዳሪ፣ ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ አልጋው ባዶ እንዳይሆን መፈለጉ አይቀርም።

ከ2019 ወዲህ የደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ይህን ሥርዓት አናጋው። ለሃያ ዓመት ያህል አንድ ዶላር በ1,500 ገደማ ይመነዘር የነበረው የሊባኖስ ፓውንድ በ2023 ከ89,000 በላይ ደረሰ። በአሮጌ ዋጋ የተሰላው የመንግሥት ክፍያ፣ ያውም ዘግይቶ ሲደርስ፣ ለነዳጅና ለዳቦ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ሠራተኞች ለቀቁ፤ ተቋማት በራቸውን ጠበቡ።

በዚሁ ዓመት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በዩኒሴፍና በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ርዳታ፣ ለወጣት አካል ጉዳተኞች በወር 40 ዶላር በቀጥታ መስጠት ተጀመረ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ በቤይሩት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሐሳቡ ግን አዲስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘቡ ሰውየውን ተከተለ። በ2022ም የአገሪቱ ፓርላማ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ለማጽደቅ ፈቃድ ሰጥቷል። የዚህ ስምምነት 19ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ የት፣ ከማን ጋርና እንዴት እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል።

5. ያልተቆጠሩት እጆች

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። መንግሥት የግል ረዳት በማይመድብበት፣ ተቋሙም በማይበቃበት አገር፣ አዋቂ አካል ጉዳተኛ በቤቱ እንዲኖር የሚያደርገው ማን ነው? መጀመሪያ እናቱ ወይም እኅቱ ናት። አቅም ያለው ቤተሰብ ግን ከውጭ አገር ሠራተኛ ያስመጣል። በሊባኖስ ከ2019 በፊት የስደተኛ የቤት ሠራተኞች ቁጥር እስከ ሩብ ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ ከእነዚህም ትልቁን ድርሻ የያዙት ኢትዮጵያውያት ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች «የቤት ሠራተኛ» ተብለው ይመዘገባሉ። ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት የነርስና የግል ረዳት ሥራ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሣት፣ ቁስል እንዳይወጣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት መንቃት ሁሉ የእነሱ ድርሻ ነው። ይህን ሥራ በሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥልጠናና የሥራ ፈረቃ አለው። እነሱ ግን ሥልጠና አያገኙም፤ ብዙዎቹም የተወሰነ የሥራ ሰዓት የላቸውም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የመኖሪያ ፈቃዳቸውም በ«ከፋላ» ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ የተሻለ ውል አውጥቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዶች ጉዳዩን የአካል ጉዳተኛውና የሠራተኛዋ ጠብ አድርገው ያቀርቡታል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። የሰውየው ነፃነት በሠራተኛዋ ባርነት ላይ ከቆመ ነፃነቱ የተበደረው ነው። ደክማና ተበሳጭታ፣ ወር ሙሉ ሳትከፈል የምትሠራ ሴት ሰውን በክብር ልታነሣ አትችልም፤ ወገቧም ይጎዳል፣ እሱም ይወድቃል። በሌላ በኩል እሷ ፓስፖርቷ ተይዞባት ከቤት እንዳትወጣ ስትከለከል፣ እሱም በዚያው ቤት ውስጥ ያለ አሳንሰርና ያለ ጎብኚ ተዘግቶበታል። ሁለቱም በአንድ በር ተቆልፎባቸዋል። ስለዚህ የአገልግሎት መሪ ነኝ የሚል ሰው የአንዱን መብት ይዞ የሌላውን ሊጥል አይችልም።

እኅቶቻችን ራሳቸው ይህን ተረድተው መሪዎች አውጥተዋል። በጥር 2015 በቤይሩት የቤት ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የመሥራች ጉባኤ ተደረገ፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፈገው። በ2017 በባንቺ ይመር መሥራችነት «እኛ ለእኛ በስደት» ተቋቋመ። በ2020 የኢኮኖሚው ውድቀትና የኮሮና ወረርሽኝ በተደራረቡ ጊዜ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ሲጥሉ፣ ምግብና መጠለያ ከሚያፈላልጉት መካከል እነዚህ ሴቶች ነበሩበት። የአካል ጉዳተኞች ኅብረትና የእነዚህ ሴቶች ማኅበር መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ስለ እኛ ያለ እኛ አይወሰን» ይላሉ።

6. አመራር በአደጋ ጊዜ

የአመራር ዓይነት የሚለየው በአደጋ ጊዜ ነው። በነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ6,000 በላይ ቆሰሉ። አሳንሰሮች ቆሙ፤ በደረጃ መውረድ የማይችል ሰው በተሰባበረ መስተዋት መካከል በፎቁ ላይ ቀረ። በ2024 መኸርም የደቡብ ቤይሩት ዳርቻ፣ ዳሂዬ፣ በቦምብ ሲደበደብ፣ ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቶች ሸሸ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች መወጣጫም ሆነ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ አልነበራቸውም። በየቤቱ ተቆልፎባቸው የተተዉ ስደተኛ ሠራተኞችም ነበሩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላልና ተግባራዊ ነው። አንድ የአገልግሎት መሪ አደጋ ከመድረሱ በፊት፣ ማን በየትኛው ፎቅ እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያወርደው፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ረዳቱስ ማን እንደሆነችና ስልኳ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር በእጁ መኖር አለበት። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ደግሞ ከራሳቸው ከተገልጋዮቹ ጋር ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ደረጃ እንደሚያስቸግር ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

7. ለመሪ የሚሆኑ ነጥቦች

ሀ) ተገልጋዮችን በአስተዳደር ቦርድ ላይ አስቀምጡ፤ ያውም አንድ ሰው ለምስክርነት ሳይሆን ድምፁ ውሳኔ ሊለውጥ በሚችል ቁጥር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው አጀንዳው በቀላል ቋንቋ አስቀድሞ ይነገረው።

ለ) ቅሬታ የሚሰማው አካል ከቅሬታው ተጠያቂ የተለየ ይሁን። በዋና ሥራ አስኪያጁ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ይታወቅ።

ሐ) ረዳቶችን አሠልጥኑ፣ በሰዓቱ ክፈሉ፣ ዕረፍት ስጡ። የሠራተኛውን ክብር ያልጠበቀ ድርጅት የተገልጋዩን ክብር አይጠብቅም።

መ) ሥራውን ለተተኪ አዘጋጁ። መሥራቹ ሲታመም የሚዘጋ ድርጅት ገና ድርጅት አልሆነም።

ሠ) በትንሹ ጀምሩ። ማንን እንደምትጠሩ፣ እንዴት እንደምትጠሩ፣ ከማን ጋር ዓይን ለዓይን እንደምትነጋገሩ አስተውሉ።

አገራችንም ከባዶ አትነሣም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው በ1960 ነው፤ ማለትም የሊባኖሱ ኅብረት ከመመሥረቱ ከሃያ ዓመት በፊት። በ1996 የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ተመሠረተ። በ2005 ከመሥራቾቹ አንዷ ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የሆኑበት የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከል ተከፈተ። በ2008 የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ወጣ፤ በ2010 ዓለም አቀፉ ስምምነት ጸደቀ። ከቤይሩት እንደተማርነው ግን ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ሰውን አያስገባም። ከጦርነት የተመለሱ ብዙ ወጣቶች ባሉባት በዛሬይቱ ኢትዮጵያ፣ አገልግሎቱን ማን እንደሚመራ አሁን ካልተወሰነ፣ ነገ በልማድ ይወሰናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1) አንድ አዋቂ ተገልጋይ ለጤናው የማይበጅ ነገር መርጦ ቢገኝ፣ መሪው እስከ የት ድረስ ጣልቃ ሊገባ ይችላል?

2) ገንዘቡ ለተቋሙ ሳይሆን ለግለሰቡ ቢሰጥ፣ በገጠር ኢትዮጵያ ምን ይለወጣል? ምንስ ችግር ያስከትላል?

3) የአካል ጉዳተኞች ማኅበርና የቤት ሠራተኞች ማኅበር በጋራ ሊጠይቁ የሚችሉት የመጀመሪያው ነገር ምን ሊሆን ይችላል?

4) በራሳችን ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም ማየት የማይችል አባል ቢመጣ፣ አዳራሹና የምናድለው ወረቀት ይመቸዋል ወይ? የማይመች ከሆነ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት የሚያስተካክለውን ሰው እዚሁ መርጠን እንነሣ።